በመጽሐፍ ቅዱሴ መጨረሻ ገጽ ላይ 11 ቀን ተጽፏል፤ የዳንኩት በየትኛው ነው?

ባለኪቦርዱ ጠየቀ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስሜን ያልጻፍኩት እዚህ የሚያውቁኝ ሰዎች ስላሉ ነው፤ ቅር እንዳትሰኙ።

ያደግሁት በአማኝ ቤት ነው። በ9 ዓመቴ የሰንበት ትምህርት አስተማሪያችን "ዓይናችሁን ጨፍኑና ከእኔ በኋላ ድገሙ" አለችን፤ ደገምን። ስንጨርስ "በቃ፣ ዳናችሁ" አለች። ማታ ለአባቴ ስነግረው ደስታው ልክ አልነበረውም። መጽሐፍ ቅዱሴን ተቀብሎ መጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ ቀኑን በሰማያዊ እስክሪብቶ ጻፈልኝና "ሰይጣን አልዳንክም ሲልህ ይህቺን አሳየው" አለኝ። ደግ ሰው ነው፣ በጎ አስቦ ነው። ግን ጣጣዬ የጀመረው ከዚያች ገጽ ይመስለኛል።

13 ዓመት ሲሆነኝ አንድ እንግዳ ሰባኪ መጥቶ "ከልብ ያልሆነ ጸሎት ባዶ ጩኸት ነው፤ ብዙዎቻችሁ የዳናችሁ መስሏችሁ ወደ ጥፋት እየሄዳችሁ ነው" አለ። እኔን እያየ የተናገረ መሰለኝ። በ9 ዓመቴ ከልቤ ነበር? በምን ላስታውስ? የማስታውሰው አጠገቤ የነበረው ልጅ ዓይኑን ገልጦ ሲስቅ ነው። እሱን ካየሁ ደግሞ እኔም አልጨፈንኩም ነበር ማለት ነው። ያን ሌሊት አልጋዬ ሥር ተንበርክኬ እንደ አዲስ ጸለይኩና ሁለተኛውን ቀን ጻፍኩ።

በ15 ዓመቴ ሦስተኛው መጣ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ብቻ አራት ተጨመረ። አሁን 36 ዓመቴ ነው፤ ገጹ ላይ 11 ቀን አለ። ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ቀይ። አንዱ በእርሳስ ነው፤ ምናልባት ማጥፋት ቢያስፈልግ ብዬ።

አሁን የባሰው ምን መሰላችሁ። በአምልኮ ቡድን ውስጥ ኪቦርድ ስጫወት 14 ዓመቴ ነው። ስብከቱ አልቆ "ዛሬ ጌታን መቀበል የምትፈልጉ ባላችሁበት እጃችሁን አንሱ" ሲባል ከኋላ ቀስ ያለውን ዜማ የምጫወተው እኔ ነኝ። እጄን ባነሳ ዜማው ይቆማል፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ስለዚህ የግራ እጄን ትንሿን ጣት ከቁልፉ ላይ ትንሽ ከፍ አደርጋታለሁ። እጅ ማንሳቴ ነው። ማንም አያይም። ከሁለት ዓመት በላይ በየእሁዱ እንዲህ ሳደርግ ቆይቻለሁ፤ ሚስቴም አታውቅም።

ልጽፍላችሁ የተነሳሁት በልጄ ምክንያት ነው። 6 ዓመቷ ነው። ባለፈው ሳምንት ጫማዋን ሳስርላት "አባዬ፣ አንተ መንግሥተ ሰማያት ትገባለህ?" አለችኝ። "እግዚአብሔር ያውቃል" አልኳት። "እሱማ ያውቃል፤ አንተስ?" አለች። የጫማውን ክር ሁለት ጊዜ ፈትቼ አሰርኩት።

እርግጠኞች የሆናችሁ ሰዎች፣ በምን አወቃችሁ? ስሜት ነው? ድምፅ ነው? ወይስ ሁላችሁም እንደ እኔ ናችሁና አታወሩትም? መጽሐፉን አላነበብኩም እንዳትሉኝ። አንደኛ ዮሐንስን ሳነብ "ከእግዚአብሔር የተወለደ ሁሉ ኃጢአትን አያደርግም" የሚለው ላይ እቆማለሁ። ማቴዎስ 7 ላይ "ከቶ አላወቅኋችሁም" የሚለው ደግሞ እንቅልፍ ይነሳኛል። ዕብራውያን 6ን፣ የካዱትን እንደገና ለንስሐ ማደስ አይቻልም የምትለዋን፣ ከዘለልኳት ዓመታት አልፈዋል።


ቃሉ ይበቃል፦

ወንድሜ ተባረክ። 1ኛ ዮሐንስ 5፥13 "የዘላለም ሕይወት እንዳላችሁ ታውቁ ዘንድ በእግዚአብሔር ልጅ ስም ለምታምኑ ይህን ጽፌላችኋለሁ።" ታውቁ ዘንድ ይላል፣ ትገምቱ ዘንድ አይልም። አምነሃል? ካመንክ ዳንክ፤ ነገሩ አለቀ። ጥርጣሬ የጠላት ነው፣ በስሙ ገሥጸው።


ባለኪቦርዱ፦

አመሰግናለሁ ወንድሜ፤ ጥቅሱን በቃሌ አውቀዋለሁ። ችግሬ "ለምታምኑ" የሚለው ላይ ነው። ዮሐንስ የጻፈው ለሚያምኑት ነው፤ እኔ ደግሞ የምጠይቀው ከሚያምኑት ነኝ ወይ ብዬ ነው። ጥርጣሬዬን ስገሥጽ ደግሞ የተገሠጸው ማን እንደሆነ ግራ ይገባኛል።


ጠባቡ መንገድ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና ሁላችሁም የምትፈልጉትን ሳይሆን የሚያስፈልገውን እናገራለሁ። በዘመናችን ያለው በሽታ ሰው ስለ መዳኑ መፍራቱ አይደለም፤ አለመፍራቱ ነው። አንዴ እጅ አንስቶ ከዚያ እንደ ልቡ የሚኖር ሞልቷል። ጳውሎስ "በፍርሃትና በመንቀጥቀጥ የራሳችሁን መዳን ፈጽሙ" ያለው ያለ ነገር ነው? አንተ ኪቦርድ ላይ ቁጭ ብለህ በልብህ የምትደብቀው ኃጢአት ይኖር እንደሆነ መርምር። ሰላም የሚነሳህ መንፈስ ቅዱስ ሊሆን ይችላልና ቶሎ ብለህ አታስተኛው።


ባለኪቦርዱ፦

መርምሬአለሁ። በየቀኑ እመረምራለሁ። ሰው ላይ መቆጣት አለብኝ፣ አንዳንዴ እዋሻለሁ፣ ከሚስቴ ጋር ተኮራርፌ አምልኮ የመራሁበት እሁድ አለ። የተደበቀ ትልቅ ነገር የለም። አንዳንዴ እንዲያውም ቢኖርና ተናዝዤ በተገላገልኩ እላለሁ።


የሌሊት ተረኛ፦

ወንድሜ፣ የመጨረሻዋ መስመርህ ናት ያስጻፈችኝ። እኔም እንዲህ ብዬ አውቃለሁ።

ነርስ ነኝ። 29 ዓመቴ ላይ ለአንድ ነገር ይቅርታ ስለምን ሁለት ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር። ይቅር የተባልኩ እስኪመስለኝ አልነሳም፤ ሲመስለኝ ደግሞ "ቃሉን በትክክል አልተናገርሽውም" ይለኛል፣ እንደገና ከመጀመሪያው። የሚጸልይ ሰው ሲያየኝ የበረታሁ ይመስለው ነበር። እኔ ግን እየጸለይኩ አልነበረም፤ በሩን ቆልፌ እንደሆነ ደጋግሜ እንደሚያረጋግጥ ሰው ነበርኩ። መቆለፉን በእጅህ ነክተህ አረጋግጠህ ሦስት እርምጃ ስትሄድ "በእርግጥ ነክቼዋለሁ?" እንደሚልህ ማለቴ ነው።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ይዛኝ ሄደች። ኦሲዲ ነው ተባልኩ፣ አንድ ሐሳብ እየተመላለሰ አስጨንቆ አንድን ነገር ደጋግሞ የሚያስደርግ የአእምሮ ሕመም፤ ሃይማኖት ላይ ሲያርፍ የራሱ መልክ አለው። ስክሩፑሎሲቲ ይሉታል፤ ስሙ የመጣበት የላቲን ቃል ትርጉሙ ትንሽ ስለታም ጠጠር ማለት ነው፣ ጫማ ውስጥ የገባች። የሚያሳዝነው እንዲህ ያለው ሕመም ሰው ላይ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከሁሉ አብልጦ በሚወደው ነገር በኩል መሆኑ ነው። ልጇን የምትወድ እናት ልጄን እጎዳ ይሆን ብላ ትሰቃያለች፤ እግዚአብሔርን የሚፈልግ ሰው ጥሎኝ ይሆን ብሎ ይሰቃያል። አንተን እንዲህ ነህ አልልም፣ በጽሑፍ ማንንም አይመረምሩም። ግን 11 ቀንና የጣትህን ነገር ሳነብ የድሮ ራሴን አየሁ፤ ባለሙያ ብታማክር እምነት ማጣት አይደለም።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ከሥራዬ። የልብ መቆጣጠሪያ ማሽን የተገጠመለት አንድ ታካሚ ነበረኝ። ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም። ቁጥሩ 88 ሲል ይደነግጣል፤ ሲደነግጥ 96 ይሆናል፤ 96 ሲያይ 110። ልቡ ደህና ነበር። በመጨረሻ ምንም መድኃኒት አልጨመርኩለትም፣ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞርኩት። "ማየት የእኔ ሥራ ነው፣ የአንተ መተኛት ነው" አልኩት። ትንሽ አጉረመረመና ተኛ።

ለእኔ የተሰጠኝ ትእዛዝም ይኸው ነበር፦ አንዴ ለምነሽ አሜን ካልሽ በኋላ፣ ጭንቀቱ ቢመጣም መልሰሽ አትጸልዪው። ጭንቀቱን ተሸክመሽ ሂጂ፣ ዕቃ እጠቢ፣ ሥራ ግቢ። መጀመሪያ ላይ እግዚአብሔርን የካድኩ መስሎኝ ነበር። ሳምንታት ፈጅቷል። ስለዚህ 12ኛውን ቀን አትጻፍ። እሺ?

ጠባቡ መንገድ የተባልከው ወንድም ደግሞ፣ የምትለው ነገር እውነት የሚሆንላቸው ሰዎች አሉ። ግን ለተቃጠለ ሰው የሚሰጠው ውኃ ለሰጠመ ሰው አይሰጥም። ዊልያም ኩፐር የሚባል እንግሊዛዊ ገጣሚ ነበረ፤ ዛሬም ድረስ የሚዘመሩ መዝሙሮችን የጻፈ። በፈረንጆቹ 1773 አካባቢ ተጥለሃል የሚል ሕልም አየና ከዚያ በኋላ በ1800 እስኪሞት ድረስ እግዚአብሔር የተወው ሰው ነኝ እያለ ኖረ። በእሱ መዝሙር ሰው ሲጽናና እሱ ጸሎት ቤት መግባት አቆመ። ለእሱ ፍርሃት ትጨምርለት ነበር? ወዳጁ ጆን ኒውተን ግን አልጨመረለትም፤ አልተለየውም።


ተሳላሚ፦

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ እንግዳ ሆኜ ብገባ ይፈቀድልኝ።

እኛ ዘንድ "ድነሃል ወይ?" ተብሎ አይጠየቅም፤ ሲጠይቁን ግራ የሚገባን ለዚያ ነው። ክርክር ለማንሳት አይደለም። ግን የቅዱስ ጳውሎስን አነጋገር ልብ በል። ኤፌሶን 2፥8 ላይ ጸጋው አድኖአችኋል ይላል፣ ያለፈ። አንደኛ ቆሮንቶስ 1፥18 ላይ "ለእኛ ለምንድን" ይላል፣ እየዳንን ላለን ማለቱ ነው፣ በመሆን ላይ ያለ። ሮሜ 5፥9 ላይ ከቁጣው እንድናለን ይላል፣ የሚመጣ። ሦስቱንም የጻፈው አንድ ሰው ነው። አንተ ሁሉንም አንድ ማታ ላይ፣ አንድ ቀን ላይ ልታስቀምጠው ስትሞክር ነው ገጹ የማይበቃህ።

እኛ ደግሞ ሳናቋርጥ ማረን፣ ማረን እንላለን። አንዳንድ ወንድሞች "እስካሁን አልተማራችሁም ወይ?" እያሉ ይቀልዱብናል። ልጅ አባቱን አንድ ጊዜ "አባዬ" ብሎ ጠርቶ ከዚያ ዝም አይልም፤ ደጋግሞ የሚጠራው ስለተጠራጠረ አይደለም። ይህ ግን አንተ ከምታደርገው ይለያል፤ እኛ "ማረን" የምንለው አብረን ነው፣ አንተ ጣትህን የምታነሳው ብቻህን ነው። የሌሊት ተረኛዋ እህት የተናገረችውን ሰምተህ አንተም ለሰው ንገር። ኑዛዜን ምን ብትሉት እናንተ ታውቃላችሁ፤ ሌላ ሰው ጆሮህ ላይ "ተሰርዮልሃል" ሲልህና አንተ ለራስህ ስትለው አንድ አይደለም።


ጡረተኛው ወንጌላዊ፦

ልጄ፣ ዘግይቼ ነው ያየሁት። መነጽሬን ፈልጌ እስካገኝ፣ ከዚያ ደግሞ በዚህ ስልክ በአንድ ጣት እስክጽፍ። ፊደል ብገድፍ ታገሱኝ።

መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅህ። 41 ዓመት ሰብኬአለሁ፤ "እጃችሁን አንሱ" እያሉ ካስጨነቁህ ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። የተነሳውን እጅ እንቆጥር ነበር፣ ሪፖርት ይጻፍበታል። አንድ ጊዜ በሦስት ቀን ጉባኤ የተነሱትን እጆች ስንደምር ከተሰብሳቢው ቁጥር በለጠ። ሳቅን። ዛሬ ሳስበው ሦስቱንም ቀን ያነሱት እንዳንተ ያሉት ነበሩ፤ ማንም ጠጋ ብሎ "ትናንትም አንስተህ ነበር፣ ምን ሆነህ ነው?" ያላቸው የለም።

አሁን ወደ ገጽህ። ጳውሎስ እስር ቤት ሆኖ ሞቱ ሲቃረብ ለጢሞቴዎስ ምን አለ? "አላፍርበትም፤ ያመንሁትን አውቃለሁና።" በግሪኩ ያለው ማንን እንዳመንሁ አውቃለሁ የሚል ነው። መቼ እንዳመንሁ አላለም፣ ምን ያህል እንዳመንሁም አላለም። ጳውሎስ ደግሞ እንዳንተ ሳይሆን ቀኑን የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ብርሃን፣ ድምፅ፣ ከፈረስ ወደቀ እንኳ ይሉታል (ፈረሱ መጽሐፉ ውስጥ የለም፤ ሠዓሊዎች ናቸው የጨመሩት)። ቢፈልግ ያንን ቀን ይጠራ ነበር። አልጠራውም። አንተ 11 ቀን ስትጽፍ አንድም ቦታ ላይ የእሱን ስም አልጻፍክም ብዬ እገምታለሁ።

ስለ ማቴዎስ 7 የምልህ አለ፤ ብዙ ሰው ፈጥኖ ያልፈዋል። "ከቶ አላወቅኋችሁም" የተባሉት እነማን ነበሩ? ተጠራጣሪዎች አልነበሩም። በሩ ላይ ቆመው የሚከራከሩ፣ "በስምህ ትንቢት አልተናገርንምን፣ በስምህስ አጋንንትን አላወጣንምን" እያሉ የሠሩትን የሚዘረዝሩ እርግጠኞች ነበሩ። እዚያ ምዕራፍ ላይ "ጌታ ሆይ፣ የማቀርበው የለኝም" ብሎ የተባረረ ሰው ፈልገህ ካገኘህ ንገረኝ። ዮሐንስ 6፥37 ግን "ወደ እኔም የሚመጣውን ከቶ ወደ ውጭ አላወጣውም" ይላል። ከቶ።

ዕብራውያን 6 ከባድ ነው፣ ቀላል ነው ብዬ አልዋሽህም። አንዳንዱ ይህ ክርስቲያን ሊወድቅ መቻሉን ያሳያል ይላል፣ አንዳንዱ ከመጀመሪያውም ያልዳኑ ሰዎች ናቸው ይላል። በፈረንጆቹ 1610 በሆላንድ አርሚንዮስ የሚባል የሃይማኖት መምህር ተከታዮች አምስት ነጥብ ሲያቀርቡ፣ አማኝ ፈጽሞ ሊወድቅ ይችላል ወይ የሚለውን "ከመጽሐፍ ገና ልንመረምረው ይገባል" ብለው ነው የተዉት፤ በ1618 እና 19 እዚያው የተሰበሰበው የዶርት የአብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ደግሞ አይወድቅም ብሎ ዘጋው። ክርክሩ 400 ዓመት አልፎታል፤ አንተ ዛሬ ማታ አትጨርሰውም። ግን ደብዳቤው የተጻፈው ክርስቶስን ትተው ወደ ኋላ ሊመለሱ ለሚያስቡ ሰዎች ነው፤ ሄጄ ይሆን እያለ በር ላይ ለሚያለቅስ አይደለም። ሦስት ቁጥር ወረድ ብለህ ቁጥር 9ን አንብብ፤ "ስለ እናንተ ግን፥ ወዳጆች ሆይ" ብሎ ይጀምራል። ዓመታት ስትዘልላት የነበረው ምዕራፍ ውስጥ ወዳጅ የሚል ቃል አለ።

"ኃጢአትን አያደርግም" የሚለውን ደግሞ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጋር አንብበው። ያው ዮሐንስ እዚያ "ኃጢአት የለብንም ብንል ራሳችንን እናስታለን" ብሏል። የሚለው ስለማይወድቅ ሰው ሳይሆን በኃጢአት ቤት ሠርቶ ስለሚኖር ነው። ከሚስትህ ጋር ተኮራርፈህ አምልኮ መርተህ እስካሁን የሚቆጠቁጥህ ሰው እዚያ ቤት አልሠራህም።

ስሜት ነው ወይ ላልከው፦ ስሜት ይመጣል፣ መምጣቱ እውነት ነው፣ ሮሜ 8፥16 መንፈሱ ይመሰክራል ይላል፣ እኔም ቀምሼዋለሁ። ግን ኪራይ ከፍሎ የሚቀመጥ እንግዳ አይደለም። የሜቶዲስት እንቅስቃሴን የመሠረተውን እንግሊዛዊ ሰባኪ ጆን ዌስሊን ውሰድ፤ በፈረንጆቹ ሜይ 24 ቀን 1738 ለንደን ውስጥ የሉተር ጽሑፍ ሲነበብ ልቡ ባልተለመደ ሁኔታ ሞቀ፣ ኃጢአቱ እንደ ተወሰደለት እርግጠኛ ሆነ፤ ማስታወሻው ላይ ጻፈው። ሰባኪዎች ይህን እንናገርና እዚያ ላይ እናቆማለን። ጃንዋሪ 4 ቀን 1739፣ ስምንት ወር ሳይሞላ፣ እዚያው ማስታወሻ ላይ አሁን ክርስቲያን አይደለሁም ብሎ ጻፈ። በ1766 ደግሞ፣ ሺዎችን ወደ ጌታ መርቶ፣ ለወንድሙ ለቻርልስ እግዚአብሔርን አልወድም፣ ወድጄውም አላውቅም ብሎ ደብዳቤ ላከ። ከዚያ ፈረሱ ላይ ወጥቶ ሊሰብክ ሄደ። በ1646 የተዘጋጀው የዌስትሚንስተር የእምነት መግለጫም 18ኛው ምዕራፍ ላይ እውነተኛ አማኝ ይህን እርግጠኝነት ከማግኘቱ በፊት ብዙ ሊጠብቅና ብዙ ሊታገል ይችላል ይላል። ጠንካራ ናቸው የሚባሉት ካልቪናውያን፣ የዳነ አይጠፋም የሚሉት፣ ናቸው የጻፉት።

አንዲት እናት ነበሩ፣ በመጨረሻ ዘመናቸው አእምሮአቸው እየረሳ ሄደ። መጀመሪያ መዝሙር ጠፋባቸው፣ ከዚያ የልጆቻቸው ስም። 50 ዓመት የጸለዩ ሴት ናቸው፤ "አባታችን ሆይ" ብዬ ስጀምርላቸው መሃሉ ላይ ቀርተው ዓይኔን ያዩኛል። አንድ ቀን ትንሽ ሞኝ ሆኜ "እማማ፣ ጌታን ያስታውሱታል?" አልኳቸው። ብዙ ዝም አሉ። የብርድ ልብሱን ጫፍ በጣቶቻቸው እየጠቀለሉ፣ "እሱ ያስታውሰኝ እንጂ" አሉኝ። እኔን ግን ማን እንደሆንኩ አላወቁኝም።

ይህን ካየሁ በኋላ "የዳንክበትን ቀን ታስታውሳለህ?" ብዬ ማንንም ጠይቄ አላውቅም።

አሁን ሥራ ልስጥህ፣ ሁለት ብቻ። ለሚስትህ ንገራት፣ ዛሬ። ለቡድን መሪህም ንገረው። ልጅህ መልሳ ከጠየቀችህ ደግሞ ስለ ራስህ አትንገራት፣ ስለ እሱ ንገራት።


ጠባቡ መንገድ፦

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ፍሬስ? "ወንድሞችን የምንወድ ስለ ሆንን ከሞት ወደ ሕይወት እንደ ተሻገርን እናውቃለን" ይላል። ፍሬ የሌለው ሰው "እሱን አውቃለሁ" ቢል ይበቃል?


ጡረተኛው ወንጌላዊ፦

አይበቃም። ልክ ነህ፣ ሳልጽፈው ቀረሁ፣ ጣቴ ደክሞ ነው። ፍሬ ግን ዛፉ ራሱ ቆጥሮ የሚያየው ነገር አይደለም፤ ሌላ ሰው ነው የሚበላው። ለዚያ ነው ለሚስትህ ንገራት ያልኩት። ወድዶ ይሁን ተበሳጭቶ ይሁን ከእሱ ይልቅ እሷ ታውቃለች። አንተም ወንድሜ፣ አልፎ አልፎ ሰው እንዲነግርህ ፍቀድ።


ባለኪቦርዱ፦

አምስት ቀን ጠፋሁ፤ ሁሉንም ደጋግሜ አንብቤአለሁ። (እህቴ የሌሊት ተረኛ፣ ደጋግሞ ማንበቡም ይቆጠራል መሰለኝ።)

ለባለቤቴ ነገርኳት። ስለ ጣቴ ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ "ሁለት ዓመት?" አለች። የተናደደችው በመጠራጠሬ ሳይሆን በመደበቄ ነው። ስለ ፍሬው ጠየቅኳት፣ እንደተባልኩት። "ስትኮራረፍ ትኮራረፋለህ፤ ግን አንድም ቀን መጀመሪያ ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ አይደለሁም" አለችኝ። እንዲህ መሆኑን ቆጥሬው አላውቅም ነበር።

ለቡድን መሪያችንም ነገርኩት። ምን እንደሚል ጠፋውና "ሁለት ሳምንት ዕረፍት ትወስዳለህ?" አለኝ። አልፈልግም አልኩት። በኋላ ማታ ደውሎ "እየጸለይኩልህ ነው" አለ፤ ይኸው ነው፣ ግን ሌላ ሰው ያውቃል።

ባለሙያም ለማየት ቀጠሮ ይዣለሁ። ገና ነው።

ዛሬ እሁድ ነበር። "እጃችሁን አንሱ" ሲባል ጣቴ ተነሳች። ልማድ ሆናለችና ከእኔ ቀድማ ነው የተነሳችው። መለስኳትና ቁልፉን ነካሁ፤ የተሳሳተ ኖታ ነበር፣ ቤዝ የሚጫወተው ልጅ ዞሮ አየኝ። 12ኛውን ቀን አልጻፍኩም። ሌሊቱን ግን በጣም ፈልጌ ነበር፤ እስክሪብቶውን ይዤ ተቀምጬ ነበር።

ልጄ መልሳ አልጠየቀችኝም። እኔ ነኝ ያነሳሁባት፣ ደግሞ ጫማ ላይ። "ባለፈው የጠየቅሽኝን ታስታውሻለሽ? ኢየሱስ የመጣለትን ሰው አያስወጣም፤ እኔም ወደ እሱ ነው የመጣሁት" አልኳት። "ታዲያ ለምን እግዚአብሔር ያውቃል አልክ?" አለች። "ፈርቼ" አልኳት። "ምን ፈርተህ?" አለችና መልሱን ሳትጠብቅ ሮጣ ወጣች፤ አንደኛው ጫማ ገና አልታሰረም ነበር።

አንድ ጥያቄ ይቀረኛል፣ ጋሼ። ያቺን ገጽ ልቅደዳት?


ጡረተኛው ወንጌላዊ፦

አትቅደዳት። የአባትህ እጅ ጽሑፍ አለባት።


የሌሊት ተረኛ፦

እኔም አትቅደዳት እላለሁ። ግን እስክሪብቶውን ከአልጋህ ራስጌ አንሳ።